የቦብካት ባኬት መድፋት ወይም ማቀፍ ሲያቅተው፦ ሲሊንደሩን ከመፍታትዎ በፊት

በለገጣፎ፣ በገላን፣ በኮዬ ፈጬና በሰበታ አካባቢ ባሉ የግንባታ ቦታዎች ስኪድ ስቲር ሎደር፣ በተለምዶ አጠራራችን ቦብካት፣ ትልቁ ሎደር በማይገባበት ጠባብ ግቢ እየገባ ገረጋንቲ ያለብሳል፣ ጠጠር ያመላልሳል፣ የመሠረት አፈር ያወጣል። የሚከራየው በሰዓት በመሆኑ ባኬቱ፣ ማለትም ከፊት ያለው መዛቂያ፣ እምቢ ያለ ዕለት ባለቤቱም፣ ኦፕሬተሩም፣ ሥራውን የያዘው ተቋራጭም በአንድነት ይጨነቃሉ፤ በዚህ ጭንቀት የተነሣም ምርመራ ሳይደረግ መፍታት ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው ባኬቱን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ሲሊንደር ነው። «ጎሚኒው (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ) ተበልቷል» ይባላል፣ ሶማሌ ተራ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ ተሂዶ አዲስ ጎሚኒ ይገዛል፣ ሁለት ቀን ያልፋል፣ ሲሊንደሩ ተመልሶ ሲገጠም ግን ባኬቱ እንደ ቀድሞው ነው። ችግሩ ከሲሊንደሩ ውጭ የሆነባቸውን ብዙ ማሽኖች ስላየሁ ሲሊንደሩን ወደ መጨረሻው የሚያደርገውን የምርመራ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ዘይቱ የሚሄድበት መንገድ

መንገዱን ያላወቀ ሰው የተዘጋበትን ቦታ ሊገምት አይችልም። በሞተሩ ኃይል የሚዞረው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ዘይቱን ከታንከሩ ስቦ ወደ ኮንትሮል ቫልቩ ይልካል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ኮንትሮል ቫልቩ ውስጥ ሦስት ስፑሎች፣ ማለትም እየተንሸራተቱ የዘይቱን መንገድ የሚከፍቱና የሚዘጉ ዘንጎች፣ አሉ፦ አንዱ ክንዱን የሚያነሣና የሚያወርድ፣ ሁለተኛው ባኬቱን የሚያጋድል፣ ሦስተኛው እንደ ድንጋይ መስበሪያ ያሉ ተጨማሪ መሣሪያዎችን የሚያሠራ ነው። ኦፕሬተሩ ማንሻውን ወይም ፔዳሉን ሲገፋ የማጋደያው ስፑል ከመሀል ቦታው ይንሸራተትና ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ አንድ ጎን ይልከዋል፤ በሌላው ጎን ያለው ዘይት ደግሞ ወደ ታንከር ይመለሳል። በተለመደው አሠራር የሲሊንደሩ ዘንግ ሲወጣ ባኬቱ ይደፋል፣ ዘንጉ ሲገባ ያቅፋል፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ይታጠፋል። በመንገዱ ላይ ዋናው ሪሊፍ ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ዘይቱን ወደ ታንከር ይለቀዋል፤ በብዙ መካከለኛ ማሽኖች ይህ መጠን ከ170 እስከ 240 ባር ባለው ክልል ውስጥ ነው። ከዚህም ሌላ በማጋደያው መስመር ላይ ብቻ የተገጠሙ ትንንሽ የፖርት ሪሊፍ ቫልቮች በብዙ ሞዴሎች ይገኛሉ፤ ስለ እነሱ ወደ ታች እመለሳለሁ።

ከሁሉ በፊት ደህንነት

በዚህ ነገር ላይ ልመና በሚመስል ቃል እናገራለሁ፦ ክንዱ ተነሥቶ ሳለ በፋብሪካው የክንድ መደገፊያ ብረት ካልታሰረ በቀር ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። አጠና፣ ብሎኬት ወይም ጃክ ይህን መደገፊያ አይተካም። ባኬቱን ብቻ ለመመርመር ክንዱን ማንሣት በአብዛኛው አያስፈልግም፤ ማሽኑን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው ክንዱን እስከ መጨረሻው ያውርዱት።

ሆዝ ከመፍታትዎ በፊት በመስመሩ ውስጥ የታሰረው ግፊት መለቀቅ አለበት። ሞተሩን ያጥፉ፤ ከዚያም ማንሻዎቹን ወይም ፔዳሎቹን በሁለቱም አቅጣጫ ደጋግመው ያንቀሳቅሱ። የስፑል መቆለፊያቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽኖች ላይ ይህ የሚሆነው ቁልፉ በርቶና በተቀመጠው ኦፕሬተር ላይ የሚወርደው የደህንነት ብረት ወርዶ ሲቆይ ብቻ ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ ስፑሉ ስለሚታሰር ማንሻው ቢንቀሳቀስ እንኳ ግፊቱ እንዳለ ይቀራል።

የሚያፈስ ቦታን በእጅ መፈለግም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከ200 ባር በላይ በሆነ ግፊት ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት በጓንትም ሆነ በቆዳ ውስጥ አልፎ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ያህል ትንሽ ሆኖ ስለሚታይና መጀመሪያ ላይ ብዙም ስለማያሳምም ሰዎች ይንቁታል፤ ዘይቱ ግን ውስጥ ውስጡን ሥጋውን ይገድላል፣ ጣት ወይም እጅ እስከማስቆረጥም ያደርሳል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕመም ባይሰማውም በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ሊወሰድና ሐኪሙም ዘይቱ በግፊት መግባቱ ሊነገረው ይገባል። ፍሳሽ የሚፈለገው ካርቶን ወይም ጣውላ በረጅሙ በመስመሩ ላይ በማሳለፍ ነው።

ቁልፍ ሳይነሣ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ ኦፕሬተሩን ያነጋግሩ። ችግሩ በአንድ ጊዜ መጣ ወይስ ቀስ በቀስ? ጠዋት ነው ወይስ ማሽኑ ሲሞቅ? ከዚያ በፊት ማሽኑ ታጥቦ ነበር? ሆዝ ተቀይሮ ወይም ዘይት ተጨምሮ ነበር? ኦፕሬተሩ በዕድሜ ልጅ ቢሆንም ማሽኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ «ካጠብነው ጀምሮ ነው» የሚል አንድ ቃል የግማሽ ቀን ሥራ ያድናል።

ቀጥሎ ማሽኑን አስነሥተው ሦስት ነገሮችን ለዩ። የመጀመሪያው፣ ክንዱ ይነሣል ወይ የሚለው ነው። ክንዱም ባኬቱም ተጨማሪ መስመሩም በአንድነት ካልሠሩ ጥፋቱ ሁሉንም በሚያገናኘው ክፍል፣ ማለትም በዘይቱ መጠን፣ በፓምፑ፣ በዋናው ሪሊፍ ወይም በደህንነት መቆለፊያው ላይ ነው። ክንዱ በሙሉ ኃይሉ እየተነሣ ባኬቱ ብቻ ካልሠራ ግን ፓምፑንና ዋናውን ሪሊፍ መክሰስ አይቻልም፤ ጥፋቱ በማጋደያው ክፍል ውስጥ ተወስኗል። ሁለተኛው፣ ባኬቱ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የማይሠራው ወይስ በአንዱ ብቻ? ሦስተኛው ደግሞ እምቢ ይላል ወይስ ሠርቶ ሲያበቃ በራሱ ጊዜ ይወርዳል? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በወረቀት ላይ ቢጻፍ ከዚህ በታች ካለው የትኛው ክፍል እንደሚነበብ ይነግራል።

ከዚሁ ጋር ዓይን ብቻ የሚያየውን አይዝለሉ። በክረምት በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ኮትቻ አፈር በባኬቱና በክንዱ መካከል ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፤ ድንጋይ ከተሰነቀረበት ደግሞ ባኬቱ ኃይል እያለው ይቆማል። ቅባት ሳይሰጣቸው የከረሙ ፒኖች ሊነክሱ፣ የሲሊንደሩ ዘንግም በድንጋይ ተመትቶ ሊጎብጥ ይችላል። ዘንጉ ጎብጦ ከሆነ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ይይዛል።

የዘይቱ ሁኔታ

ዘይቱ የሚለካው ክንዱ ወርዶ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ማሽኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ ነው። በመመልከቻው መስታወት የሚታየው ዘይት ወተት የሚመስል ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ ደጅ የሚያድር ማሽን የታንከር ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ በሐምሌና በነሐሴ ይህ ሊደርስበት ይችላል። አረፋ ከበዛበት ደግሞ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፦ ወይ ዘይቱ አንሷል ወይም በፓምፑ የመሳቢያ ሆዝ ላይ ያለው ማሰሪያ ላልቷል። የመሳቢያ ሆዝ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊያስገባ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቅ መሆኑ ደህንነቱን አያረጋግጥም።

የእኛ ከፍታ እዚህ ላይ ይገባል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በ2,400 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ዘይቱን ከታንከር ወደ ፓምፑ የሚገፋው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ ያለ ድምፅ የሠራ ማሽን እዚህ መጥቶ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሳለ፣ ፓምፑ ሊያቃስት ይችላል፤ በከፊል የተዘጋ የመሳቢያ ወንፊትም እዚህ ቶሎ ይታወቃል። ጠዋት እያቃሰተ ቀርፈፍ ብሎ ሲሞቅ የሚስተካከል ማሽን የመሳቢያ መስመሩና የዘይቱ ዓይነት ይመርመር። በተቃራኒው ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ የሚደክም ማሽን ውስጡ አልቋል፦ ዘይቱ ሲቀጥን ባለቀው ፓምፕ፣ ስፑል ወይም ጎሚኒ በኩል ያመልጣል።

የደህንነት መቆለፊያውና ኤሌክትሪኩ

የቦብካት ክንድና ባኬት ኦፕሬተሩ ተቀምጦ የደህንነት ብረቱን ካላወረደ እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ይህ የሆነው በአብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች ላይ ኦፕሬተሩ የሚገባውና የሚወጣው በክንዶቹ መካከልና በባኬቱ በኩል ስለሆነ ነው፤ አንድ ፔዳል በስሕተት ቢረገጥ ሰው በክንዱና በማሽኑ አካል መካከል ይጨፈለቃል። በብዙ ሞዴሎች ለክንዱና ለማጋደያው የተለያዩ የመቆለፊያ ሶሌኖይዶች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መቆለፊያዎች) አሉ፤ ስለዚህ የማጋደያው ሶሌኖይድ ብቻ ሲበላሽ ክንዱ እየሠራ ባኬቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይቆለፋል፤ ፔዳሉ ወይም ማንሻው ራሱ አልንቀሳቀስም ይላል ወይም ጥቂት ሄዶ ይመታል። ይህ ምልክት ከታየ ሲሊንደሩን መንካት አያስፈልግም።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ በርቶ ሳለ አንድ ሰው ተቀምጦ ብረቱን ያውርድ፤ ያስፈልግ እንደሆነም የማብሪያውን ቁልፍ ይጫን። ሌላው ሰው በኮንትሮል ቫልቩ አጠገብ ያዳምጥ። እያንዳንዱ ሶሌኖይድ ሲሠራ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከማጋደያው ድምፅ ካልተሰማ ፊውዙን፣ ቀጥሎም ሶኬቱን ይመልከቱ፤ ከእጥበት በኋላ በሶኬቱ ውስጥ የገባ ውሃና አረንጓዴ ዝገት የተለመደ ምክንያት ነው። በቴስተር ሲለካ ሶኬቱ እንደተሰካ ይለካ፤ ተነቅሎ ሲለካ 12 ቮልት የሚያሳይ ሽቦ ሥራ ሲሰጠው 8 ወይም 9 ሊወርድ ይችላል፣ ያኔ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማሳው (የኔጌቲቩ መመለሻ) ነው። ሙሉ ቮልት እየደረሰው ዝም የሚል ሶሌኖይድ ግን ኮይሉ ተቃጥሏል ወይም ውስጡ ነክሷል። የክንዱና የማጋደያው ሶሌኖይዶች አንድ ዓይነት ከሆኑና ሶኬቶቻቸው ከደረሱ፣ ክንዱ መሬት ላይ ወርዶ ሳለ ሶኬቶቹን አቀያይሮ መሞከር ፈጣን መንገድ ነው፤ ችግሩ ወደ ክንዱ ከተሻገረ ጥፋቱ የሽቦው፣ ባኬቱ ላይ ከቀረ የሶሌኖይዱ ወይም የስፑሉ ነው።

ማንሻው ኤሌክትሮኒክ በሆነባቸው አዳዲስ ማሽኖች ዳሽቦርዱ ላይ የሚወጣው የስሕተት ቁጥር በመመሪያው ተፈልጎ ይነበብ።

በየሥራ ቦታው የመቀመጫውን ስዊች በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ማሠራት አይቻለሁ። ለምርመራ እንኳ ቢሆን እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ለምርመራ የተደረገው ሽቦ ሳይነሣ ይረሳል፣ በማግስቱ ረዳቱ ባኬቱን ሊጠርግ ሲገባም ማሽኑን የሚከለክለው ነገር የለም።

ማንሻው ሠርቶ ባኬቱ ሲቆም

በመጀመሪያ ከማንሻው ወይም ከፔዳሉ እስከ ስፑሉ ያለው ዘንግና ገመድ ይታይ። አንድ ሰው ማንሻውን ሲያንቀሳቅስ ሌላው የስፑሉን ጫፍ ይመልከት፤ የማጋደያው ስፑል እንደ ጎረቤቱ ያህል ካልወጣና ካልገባ ጥፋቱ ከቫልቩ ውጭ ነው። ፒን ወድቆ፣ ዳዶ ላልቶ ወይም ገመዱ ተለጥጦ ይሆናል። በስፑሉ ሌላ ጫፍ ባለው ክዳን ውስጥ ደግሞ ወደ መሀል የሚመልሰው ሞላ በብሎን ታስሮ ይገኛል፤ ያ ብሎን ከተፈታ ስፑሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል ወይም ወደ መሀል አይመለስም።

ስፑሉ ከነከሰ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቆሻሻ ነው። ወጥቶ በንጹሕ ናፍጣ ይታጠብ፤ በብርጭቆ ወረቀት ግን አይፋቅ። በስፑሉና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን የሚቆጠር ስለሆነ አንድ ጊዜ የተፋቀ ስፑል ከዚያ ወዲያ ዘይት ማሳለፉን አያቆምም። በዚሁ ምክንያት የሌላ ማሽን ስፑል አምጥቶ መክተትም አይሠራም።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያቅተው

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው በዚህ ምልክት ነውና። ባኬቱ እየደፋ ማቀፍ ካቃተው፣ ወይም እያቀፈ መድፋት ካቃተው፣ የፒስተን ጎሚኒ ብቻውን እንዲህ ያለ የጠራ ልዩነት አያመጣም፤ የተበላ ጎሚኒ በአብዛኛው ሁለቱንም አቅጣጫ ያደክማል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፖርት ሪሊፍ ቫልቩ ነው። በመቀመጫው ላይ አንዲት የብረት ብናኝ ወይም የጎማ ቁራጭ ከተያዘች ቫልቩ ክፍት ይቀርና በዚያ አቅጣጫ የሚሄደው ዘይት ሁሉ ወደ ታንከር ይመለሳል። አውጥቶ ማጠብ፣ ኦሪንጉን (የጎማ ቀለበቱን) ማየት፣ መቀመጫውን በእጅ ባትሪ መመልከት ይበቃል። በሁለቱ ጎኖች ያሉት አንድ ዓይነት ከሆኑ ማቀያየርም ይቻላል፤ ነገር ግን ለተለያየ ግፊት የተዘጋጁ ሊሆኑ ስለሚችሉ በላያቸው የተመታው ቁጥር አስቀድሞ ይነበብ።

ሁለተኛው ሆዙ ነው። አንድ ክረምት በአቃቂ በኩል አንድ ማሽን ባኬቱ ይደፋና አያቅፍም ነበር። ሲሊንደሮቹን ሁለቱንም ፈታሁ፣ ጎሚኒዎቹ ደህና ነበሩ፤ ቢሆንም ቀየርኳቸው፣ ለውጥ አልመጣም። የፖርት ሪሊፎቹን አጠብኩ፣ አሁንም እንዳለ ነው። በሦስተኛው ቀን ሆዙን ፈትቼ በሌላ ስተካ ባኬቱ በሙሉ ኃይሉ አቀፈ። አሮጌውን ሆዝ በረጅሙ ስሰነጥቀው የውስጠኛው ጎማ ከሽቦው ተላቅቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ዘይቱ በአንድ በኩል ሲመጣ ይተኛል፣ በሌላው በኩል ሲመጣ ይቆምና መንገዱን ይዘጋል። ሆዙ ከውጭ አዲስ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያቅተው ባኬት ሲገጥመኝ ሲሊንደር ከመንካቴ በፊት ሆዝ ቀይሬ እሞክራለሁ።

ባኬቱን ክንዱ ሲነሣ ደልዳላ አድርጎ የሚይዝ ቫልቭ ያለባቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ያን ቫልቭ በማጥፊያው አጥፍቶ መሞከር ይገባል፤ ሲጠፋ ባኬቱ ከተስተካከለ ምርመራው እዚያ ላይ ይቀጥል።

ሲሊንደሩን ሳይፈቱ መመርመር

ባኬቱ ሁለቱንም አቅጣጫ ከደከመ፣ ወይም ጭነት ይዞ ሲቆም በራሱ እየደፋ ከሄደ፣ ሲሊንደሩ ተራው ደርሷል። በራሱ የሚወርድ ባኬት ግን ከጎሚኒው ሌላ በስፑሉ ወይም በፖርት ሪሊፉ በኩልም ሊያፈስ ስለሚችል የሚለየው የሚከተለው ፍተሻ ነው።

ክንዱን ሙሉ በሙሉ ያውርዱ፤ ባኬቱን እስከ መጨረሻው ያቅፉት፤ ሞተሩን አጥፍተው ግፊቱን ከላይ በተባለው መንገድ ይልቀቁ። ከሲሊንደሩ መቀመጫ በኩል፣ ማለትም ዘንጉ ከሚወጣበት በተቃራኒው ጫፍ ያለውን ሆዝ ይፍቱ፤ የሆዙን ጫፍ በብረት ታፓ (መድፈኛ) አጥብቀው ይድፈኑ፤ ክፍት የቀረውን የሲሊንደር አፍ ወደ ባልዲ ያመልክቱ። ማሽኑ ሁለት የማጋደያ ሲሊንደር ካለው አንድ በአንድ ይፈተሻል። አሁን ሁሉም ሰው ከፊት ለፊት ይራቅ፤ ኦፕሬተሩ በዝቅተኛ የሞተር ዙር ማንሻውን ወደ ማቀፍ አቅጣጫ ብቻ ለአምስት ሰኮንድ ያህል ይያዘው። ወደ መድፋት ፈጽሞ አይንካው፤ ያን ቢያደርግ የተደፈነው ሆዝ ሙሉ ግፊት ይቀበላል።

መጀመሪያ የሚንጠባጠበው በውስጡ የቀረ ዘይት ነው። ከዚያ በኋላ ካቆመ የፒስተኑ ጎሚኒ ደህና ነው፣ ሲሊንደሩም ሊፈታ አይገባውም። ማንሻው እስከተያዘ ድረስ ሳያቋርጥ ከፈሰሰ ጎሚኒው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ አልቋል። ሲሊንደሩ ሲፈታም ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይበቃም፤ ግድግዳው በጣት ጥፍር ይዳሰስ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱ ጎሚኒ በጥቂት ሳምንት ይበላል፤ ስለዚህ ቶርኖ ቤት ይላክ ወይም ቱቦው ይቀየር። በዘንጉ ላይ የተላጠ የክሮም ልባስም (በተለምዶ ኒኬል የሚባለው) እንዲሁ።

ሁሉም መስመር ሲደክም

ክንዱም ባኬቱም ከደከሙ ግፊቱ ይለካ። እስከ 400 ባር የሚያነብ ጌጅ በተጨማሪው መስመር መጋጠሚያ ላይ ሰክተው መስመሩን ሲከፍቱ ዘይቱ መሄጃ ስለሚያጣ ጌጁ ዋናው ሪሊፍ የሚከፈትበትን ግፊት ያሳያል፤ ይህም ለሞዴሉ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ይነጻጸር። ግፊቱ ካነሰ ሪሊፉ ወጥቶ ይታጠብና እንደገና ይለካ። ያም ሆኖ ካልወጣ ፓምፑ ወይም ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ነው። የሪሊፉን ብሎን በግምት ማጥበቅ ግን የደከመን ፓምፕ አያድስም፤ ደህና የነበሩትን ሆዞችና ሲሊንደሮች ያፈነዳል።

መልሶ መግጠም

ማንኛውም ሆዝ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያው ይታጠብና በአየር ይነፋ፤ የተፈታ አፍ ሁሉ በታፓ ወይም በንጹሕ ፕላስቲክ ይዘጋ። የግንባታ ቦታ አቧራ በዚህ ሰዓት ከገባ ከሳምንት በኋላ በስፑሉ ወይም በፖርት ሪሊፉ ላይ ይገኛል። ክር ላይ የሚጠመጠም ነጭ ፕላስቲክ በሃይድሮሊክ መጋጠሚያ ላይ አይጠቀሙ፤ ቁራጩ ተልጦ ወደ ቫልቩ ይገባል። ፊልትሮው ካረጀ በዚሁ አጋጣሚ ይቀየር።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነሥተው ባኬቱን ያለ ጭነት አሥር ጊዜ ያህል ቀስ እያሉ ወደ ሁለቱም ጫፍ ይውሰዱት፤ በሲሊንደሩ የቀረው አየር ወደ ታንከር የሚወጣው እንዲህ ነው። አየሩ ሲወጣ የዘይቱ መጠን ይቀንሳልና ማሽኑን አጥፍተው እንደገና ይለኩ፣ የጎደለውንም በዚያው ዓይነት ዘይት ይሙሉ። በመጨረሻም ባኬቱን ጠጠር ሞልተው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ያንሡት፣ ሞተሩን ያጥፉና በሲሊንደሩ ዘንግ ላይ ከመግቢያው አጠገብ በጠመኔ ምልክት አድርገው ከማሽኑ ራቅ ይበሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምልክቱ የሄደበት ርቀት በማስታወሻ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር ያው ፍተሻ ሲደገም የሚነጻጸረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።